አሥራ ስምንት ሩብ ዙር

ወደ መጠገኛው የሚገባ ሚዛን ሁሉ፣ ብሎኑ ከመነካቱ በፊት በድንጋይ ይፈተናል። የቤቱ ሕግ ይህ ነው። ሕጉን ያወጣው ሚዛን አራሚው ራሱ ሲሆን፣ በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ሲያፈርሰው ያየ ደንበኛ የለም። ድንጋይ የሚባለው በእርግጥ ድንጋይ አይደለም፤ ክብደቱ ተረጋግጦ ማኅተም ያረፈበት የብረት መመዘኛ ነው። ትንንሾቹ በጨርቅ ተሸፍነው በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ትልቁ፣ ባለ ሃያ ኪሎው፣ ከጠረጴዛው ሥር ይቆማል። አራሚው ይህን ድንጋይ በግራ እጁ ብቻ አንሥቶ ሚዛን ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ቀኝ እጁ ካቻቢቴውን አይለቅም።

የገበያው ሰው «ጋሽ ግራም» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት በሩ ትይዩ የሚሠራው ሥጋ ሻጭ ነው። «ይኼ ሰውዬ የተወለደ ዕለት አዋላጇ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ብትል፣ ገና እትብቱ ሳይቆረጥ 'ድንጋይሽ ታርሟል?' ብሎ ጠየቃት» እያለ ያስቃል። አራሚው አይስቅም። ስለ ግራም ሲቀለድ አይወድም።

በመጠገኛው ውስጥ ከእውነቱ አሳንሶ የሚናገር ሚዛን «በላተኛ» ይባላል፤ አስበልጦ የሚናገረው ደግሞ «ጉረኛ»። ሁለቱንም ዓይነት የሚያመጡ ሰዎች አንድ ዓይነት ክርክር አላቸው፤ ሚዛኔ ደኅና ነው፣ የተለወጠው ዕቃው ነው፤ ድንቹ ደርቆ ነው፣ ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ነው ይላሉ። አራሚው ድንጋዩን አሳርፎ ጠቋሚውን ያሳያቸዋል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ዕቃው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሳያስበው አንድ እምነት አደረበት፤ ቁጥር ሲለወጥ የታመመው ሚዛኑ ነው የሚል። ለሙያው የሚበጅ እምነት ነበር።

ስድሳ አንደኛ ዓመቱን ሲይዝ ራሱን ዘጠና ሁለት ኪሎ ሆኖ አገኘው። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ የደም ግፊቱም ከፍ ብሏል። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሐኪም ጎልማሳ ሴት ናት፤ ቃሏ አጭር ነው፤ ነገር ግን ለጠየቃት ሁሉ ታስረዳለች። እሱም ጠየቃት።

«በሠላሳ ዓመቴ የምበላውን ነው አሁንም የምበላው» አላት። «እንዲያውም ቀንሻለሁ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ሳህንዎ አልተለወጠም፤ የተለወጡት እርስዎ ነዎት» አለችው። ሰው እያረጀ በሄደ ቁጥር ጡንቻው በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እንደሚመናመን፣ ጡንቻ ደግሞ ሰውየው ተቀምጦም ተኝቶም ሳለ ምግብ የሚያቃጥል ምድጃ እንደሆነ ነገረችው። ምድጃው ሲያንስ ያው እንጨት ይተርፋል፤ የተረፈው በወገብ ላይ ይከመራል። «ስለዚህ መብላት መቀነስ ብቻ አይበቃም። ዝም ብለው ከተራቡ ስቡም ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ይራመዱ፣ ከበድ ያለ ነገር ያንሡ፣ እንቁላልና ባቄላ ከገበታዎ አይጥፋ። ቀስ ብለው ይቀንሱ።»

ይህ ማብራሪያ አራሚውን አረካው። ምክንያትና ልክ ያለው ነገር ነበር። ለመታጠቢያ ቤቱ ክብ ጠቋሚ ያለው የቤት ሚዛን ገዛ፤ በየማለዳው አንድ ሰዓት ተራመደ፤ ዳቦውን ከግማሽ በታች አወረደ፤ በዐሥር ወር ውስጥ ሰማንያ አንድ ኪሎ ደረሰ። ሐኪሟ አመሰገነችው፤ መድኃኒቱንም አስቀነሰችው። ከወንበሯ ሳትነሣም እንዲህ አለችው፦

«ከእንግዲህ መቀነስ ይብቃዎት። እንደ ሰው ይብሉ፤ ሰማንያ አንድን ይያዙ። አንድ ነገር ግን አደራ። ሳይሞክሩ ከቀነሱ፣ ደስ ብሎዎት ዝም እንዳይሉ። በዚያው ሳምንት ይምጡ። በዕድሜዎ ላይ ያለ ሰው ሳይለፋ ሲከሳ ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ደግሞ ቀድሞ ያገኘ ነው የሚያተርፈው።»

«በዚያው ሳምንት» ብሎ ደገመላት። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስለነበር አመነችው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በአንድ ቅዳሜ ጧት፣ ሚዛኑ ሰማንያ ከግማሽ አለው። ዳቦውን መልሶ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነበር። ወርዶ እንደገና ወጣ። ሰማንያ ከግማሽ። ተንበርክኮ ሚዛኑን ገለበጠው፤ የማንሻው ማጠፊያ ላይ ጥቁር ቡናማ ነገር አየ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የዛገ ማጠፊያ ከተጫነው ክብደት ከፊሉን ይዞ ያስቀራል፤ ጠቋሚው ከሚገባው በታች ይቆማል። በየቀኑ የሚያየው በሽታ ነው። በላተኛ ሚዛን!

ዘይት ጠብ አደረገበት። ከዚያም ካቻቢቴውን አምጥቶ የማስተካከያውን ብሎን አንድ ሩብ ዙር አጠበቀው። ሲወጣበት ሰማንያ አንድ አለው። ረክቶ ቁርሱን ሊበላ ሄደ።

እዚህ ላይ ነገሩን ማድበስበስ አይገባም። ይህ ሰው ድንጋይ ሳያሳርፍ ብሎን ነክቷል። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ በገበያው መካከል ያዋርደው ነበር። ሚዛኑን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ መጠገኛው መውሰድ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ምክንያት አላጣም፤ የቤት ሚዛን ቆርቆሮ ነው፣ ለማኅተም የማይበቃ ዕቃ ነው ይል ነበር። ነገር ግን ለማኅተም የማይበቃ ሚዛን ለሕይወት እንዴት እንደሚበቃ ራሱን አልጠየቀም። በተከታዩ ቅዳሜ ሚዛኑ እንደገና ግማሽ ኪሎ ጎደለ፤ እሱም ብሎኑን እንደገና ሩብ ዙር አጠበቀ። ዝገት በአንድ ቀን አይድንም።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የቤቱ የፊት ክፍል የእሷ ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ ያልተጠናቀቁ ቀሚሶች፣ አንገቷ ላይ ከጧት እስከ ማታ ሜትር። ባሏ በየቅዳሜው ካቻቢቴ ይዞ መታጠቢያ ቤት ሲንበረከክ ታያለች።

«ዛሬም ታመመ?» ትለዋለች።

«ዝገት ነው።»

«እንዲህ የሚዝግ ከሆነ ለምን አትጥለውም?»

«የታመመ ሁሉ ይጣላል እንዴ?»

በሁለተኛው ወር ሱሪውን እያጠበበችለት ነበር። በሦስተኛው ወር ያንኑ ሱሪ ይዛ ተነሣች።

«ቁም» አለችው። «እጅህን አንሣ።»

«ባለፈው ወር አይደል እንዴ የለካሽኝ?»

«ባለፈው ወር ወገብህ ዘጠና አራት ሳንቲም ነበር። አሁን ዘጠናም አትሞላ።»

«ወገብ ነዋ! በየማለዳው የምራመደው ለምን ሆነና? ስቡ ሄዶ ጡንቻ ሲተካ ወገብ ይጠባል፤ ኪሎው ግን ባለበት ይቆማል። ሰማንያ አንድ ነኝ፤ ዛሬ ጧት ነው የተመዘንሁት።»

«ጡንቻው የት ነው ታዲያ ያረፈው? ክንድህን ልለካው?»

«አንቺ ልብስሽን ስፊ። ክብደት የኔ ሥራ ነው።»

«ሜትሬ ዋሸ በለኛ!»

«ሜትር ጨርቅ ነው። በተለጠጠ ቁጥር አሳንሶ ይናገራል። አርጅቶብሻል።»

ሜትሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «እሺ፤ አርጅቷል። የደንበኞቼን ወገብ ታዲያ ለምን አላጠበበም? ካንተ በቀር የጠበበ ሰው የለም።»

ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ጃኬቱ ትከሻው ላይ እንደ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሷ ከኋላው አየችው።

ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ፤ እያንዳንዱ ምክንያት ተገኝቶለታል። ሃያ ስምንት ዓመት የተቀመጠበት የእንጨት በርጩማ መቀመጫውን ይቆረቁረው ጀመር፤ እንጨቱ ተሰነጣጥቆ ነው ብሎ ጨርቅ አጥፎ አነጠፈበት። የእጅ ሰዓቱ እየተንሸራተተ ወደ ክርኑ ይወጣል፤ ማሰሪያው ላላ። በፀሐይ መካከል ይበርደዋል፤ የዘንድሮ አየር ነው። የሥጋ ሽታ ያስጠላው ጀመር፤ ሰው ሲያረጅ ሆዱ ይጠባል። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ያስኬዳሉ። አንድ ላይ የሚመዝናቸው ጠፋ እንጂ።

ሰዉ ደግሞ በበኩሉ አመሰገነው። «አማረብህ፣ ልጅ ሆንህ፣ ምን እየበላህ ነው?» ይሉታል። ሁለት የሰፈር ሰዎች የአመጋገብ ምክር ሊጠይቁት መጥተዋል፤ እሱም ስለ እንቁላልና ስለ ማለዳ እርምጃ በሰፊው አስረድቶ ሰድዷቸዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል።

ያላመሰገነው ሥጋ ሻጩ ብቻ ነው። በአራተኛው ወር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የማንጠልጠያ ሚዛኑን ሊያስፈትሽ ገባና ገና ከበሩ ላይ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ቆዳህ ሰፋህ?» አለው።

«ሚዛኑን አስቀምጥና ወሬህን ተው።»

«የምሬን ነው። ምን ያህል ነህ አሁን?»

«ሰማንያ አንድ። አራት ወር ሙሉ ንቅንቅ አላልሁም።»

ሥጋ ሻጩ ዞረው። ከትከሻው ጀምሮ እስከ ጭኑ ድረስ አየው፤ ወደ ኋላው ሄዶም አየ። ለሠላሳ ዓመት ከብት የገዛበት ዐይን ነው።

«እኔ በዐይኔ ገምቼ ከሁለት ኪሎ በላይ ስቼ አላውቅም። ሚዛኔን የምታርም አንተ ነህ፤ ታውቃለህ።»

«በሬ ነዋ እሱ!»

«በሬም ሥጋ ነው፤ አንተም ሥጋ ነህ። ሰባ ሁለት። ከነጫማህ ሰባ ሦስት።»

«ዐይን ማኅተም የለውም» አለ አራሚው።

«የለውም» አለ ሥጋ ሻጩ። «ብሎንም የለውም።»

ይህን ብሎ ወጣ፤ ወትሮ እንደሚያደርገው በሩ ላይ ቆሞ ሌላ ቀልድ አልጨመረም። በማግሥቱ ሥጋ ልትገዛ ለመጣችው የአራሚው ባለቤት ግን ያየውን ቁጥር ነገራት። እሷም የቅዳሜውን ብሎን ነገረችው። የተመዘነላትን ሥጋ ሳትወስድ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ በአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ወደ መጠገኛው ገባች። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን ሊወስድ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምነው? ቤት ምን ሆነ?» አለ አራሚው ቀና ብሎ።

«ምንም። ወረፋዬን እየጠበቅሁ ነው።»

«የምን ወረፋ?»

ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን ተረክቦ ሲያበቃ ተነሥታ የታቀፈችውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ፈታችው። የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ነበር።

«ጌታው» አለችው፤ እንደማታውቀው ሰው በትሕትና። «ሚዛኔ በላተኛ ነው ይሉኛል። እንደ ደንብዎ ይመልከቱልኝ።»

ፊቱ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ቤት እንነጋገራለን» አላት።

«ቤት አራት ወር ተነጋገርን። እዚህ ደንበኛ ነኝ። ሚዛን ይዞ የመጣ ደንበኛ ምን ይደረግለታል?»

መልሱን የሰጠው ሚዛኑን ይዞ መሄድ የነበረበት፣ ነገር ግን ያልሄደው ሥጋ ሻጭ ነው።

«በድንጋይ ይፈተንለታል።»

የራሱ ሕግ ነው፤ እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ሚዛኑን ወለሉ ላይ አደላድሎ አስቀመጠ። ጎንበስ አለና ግራ እጁን ወደ ሃያ ኪሎው ቀለበት ሰደደ። ድንጋዩ ከወለሉ ስንዝር ያህል ተነሣ፤ ከዚያ ተመልሶ ወረደ፤ ጓ የሚለው ድምፅ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብሎኖች አንቀጫቀጫቸው። ካቻቢቴውን ከቀኝ እጁ አኖረ። ባለቤቱ ይህን ሲያደርግ አይታ አታውቅም። በሁለት እጁ ያዘ፤ ጉልበቱን አጠፈ፤ አንሥቶ ሚዛኑ ላይ አሳረፈው። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆየ።

ጠቋሚው ሃያን አልፎ ሄደ። ሃያ አንድን አለፈ። በሃያ ሁለት ከግማሽ ላይ ቆመ።

«በላተኛ ያላችሁት ጉረኛ ሆኖ ተገኘ!» ብሎ ሥጋ ሻጩ ሣቀ። ሣቁ መሐል ላይ ምን እንደተናገረ ገባውና አፉን በእጁ ያዘ።

ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለተኛውን አራሚው ራሱ አደረገው፤ ሃያ ሁለት ከግማሽ። ለሦስተኛው ሲጎነበስ ሥጋ ሻጩ ቀደመውና አነሣለት። ሃያ ሁለት ከግማሽ። ሚዛኑ አልዛገም፤ ዝጎም አያውቅም። በማጠፊያው ላይ ያለው ቡናማ ነገር የፋብሪካ ቅባት ነበር፤ አሁን በብርሃን ሲያየው አንድ ጀማሪ የማይስተው ነገር ነው።

ጠመኔ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። ሃያ ሁለት ከግማሹ ሃያ ከሆነ፣ ሰማንያ አንዱ ስንት ነው? ሒሳቡን በቃሉ የሚያውቀው ሰው ረድፍ በረድፍ ሠራው፤ የተለየ መልስ ይወጣ እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ስንት ነበር ያልኸኝ ማክሰኞ?» አለ ቀና ሳይል።

«ተወው አሁን ወንድሜ።»

«ስንት?»

«ሰባ ሁለት።»

ጠመኔውን አኖረ። ሰባ ሁለት ነበር።

ባለቤቱ የአልጋ ልብሱን እያጠፈች «ነገ ጧት ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን» አለች። እርስዎነቱን ትታዋለች። እሱ ዐይኑን ከቁጥሩ አላነሣም። ዘጠኝ ኪሎ ከአካሉ ላይ ሲሄድ በገዛ እጁ፣ በየሳምንቱ፣ በትክክል ሲሰውረው ኖሯል። ሌባ እንኳ እንዲህ ጠንቅቆ አይሠራም።

በማግሥቱ የጤና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ ብዙ አልጠበቁም። ሐኪሟ ገና በር ላይ ስታየው ፊቷ ተለወጠ፤ ከፊታቸው የነበሩትን ሁለት ሰዎች ይቅርታ ጠይቃ አስገባችው።

«ይመዘኑልኝ» አለች።

ከግድግዳው አጠገብ ባለ ረጅም ክንዱ ሚዛን ቆሟል። አራሚው ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ አለ፤ የልማድ ነገር ነው፣ ምናልባትም የመጨረሻ ተስፋ ነው። ከክንዱ ሥር የተንጠለጠለችውን ትንሽ የእርሳስ ማኅተም በጣቱ ገለበጣት። የራሱ ማኅተም ነበረች። ይህን ሚዛን ከሁለት ወር በፊት ፈትሾ ያተመው እሱ ነው፤ ከድንጋዩ ጋር አሥር ግራም እንኳ ሳይለያይ። የሚከራከርበት ነገር አልቀረውም። ጫማውን አውልቆ ወጣ።

ሰባ አንድ ከስምንት መቶ።

ሐኪሟ ጻፈች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሥራ ስምንት ሩብ ዙር» አለ።

«ምን አሉኝ?»

ባለቤቱ ልትናገር ስትል በእጁ አስቆማት። «ሩብ ዙር ግማሽ ኪሎ ነው። በየቅዳሜው አንድ ሩብ። አንድም ቅዳሜ አልዘለልሁም፤ የጎደለ የለም። አሥራ ስምንት ሳምንት።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚህ ቀደም ስንት ሕመምተኛ «እንጃ፣ ቆየት ብሏል» እንዳላት እሷ ታውቃለች። እንዲህ ጠንቅቆ የነገራት ግን አልነበረም።

«በመጀመሪያው ሳምንት ይምጡ ብዬዎት አልነበር?»

«በመጀመሪያው ሳምንት የታመመው ሚዛኑ ነበር» አላት።

ሐኪሟ አልጋው ላይ እንዲጋደም ነገረችው፤ ሸሚዙን ገለጠች። ባለቤቱ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ልትቆጥራቸው ትችል ነበር። ሐኪሟ በጣቶቿ ከእንብርቱ በታች ጀመረች፤ ጫን ታደርጋለች፣ ትለቃለች፣ ወደ ጎን ትሄዳለች። «ያምዎታል?» «የለም።» «እዚህስ?» «የለም።» ወደ ላይ ወጣች፤ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ደረሰች። እዚያ ጫን አደረገች። ለቀቀች። እንደገና ያንኑ ቦታ ጫን አደረገች፤ ያኔ ጥያቄዋን ተወች።

አራሚው ጣሪያውን ትቶ እጇን ተመለከተ። ዕድሜ ልኩን ሲወዛወዝ ቆይቶ የሚቆም ጠቋሚ ሲያይ ኖሯል፤ ገና የሚፈልገውንና ቦታውን ያገኘውን ለይቶ ያውቃል።

እጇ ቆሞ ነበር።